ጆን አዳምስ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ለምን ወጣ? (የልጄ የቤት ሥራ ያመጣው ጥያቄ)

ማለዳ

ሰላም ለዚህ ቤት። የስምንተኛ ክፍል ልጄ ስለ 1800 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ምርጫ አንድ ገጽ ጽፈህ ና ተብሎ መጣ። እኔ ደግሞ የማውቀው ለዜግነት ፈተና ያጠናሁትን ያህል ነው። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማን ነው፣ የነጻነት መግለጫን ማን ጻፈ፣ በቃ። አብረን ማንበብ ስንጀምር ግን ነገሩ ሌላ ሆነብኝ። ሁለት ሰዎች እኩል 73 ድምፅ አገኙ ይላል። ሁለቱም የአንድ ወገን ሰዎች ናቸው! ተሸናፊው፣ በሥልጣን ላይ የነበረው ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ ደግሞ አዲሱ ፕሬዚዳንት ቃለ መሐላ በሚፈጽምበት ዕለት፣ ማርች 4 ቀን 1801፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ በፈረስ ሠረገላ ተሳፍሮ ከዋሽንግተን ወጣ። ልጄ «እማዬ፣ ተናዶ ነው?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ። በተለይ የድምፁ እኩል መውጣት ጭራሽ አልገባኝም።

ቀለም_ቀንድ

እህት ማለዳ፣ ልጅሽ ጥሩ አስተማሪ ገጥሞታል። ያኔ ሕገ መንግሥቱ ፕሬዚዳንትና ምክትል ብሎ ለይቶ አያስመርጥም ነበር። እያንዳንዱ መራጭ፣ ማለትም የኤሌክቶራል ኮሌጅ አባል፣ ሁለት ስም ይጽፋል። የትኛው ለየትኛው ወንበር እንደሆነ አይገልጽም። ብዙ ያገኘው ፕሬዚዳንት ይሆናል፣ ሁለተኛ የወጣው ምክትል። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን እያለ ይሄ ችግር አልነበረውም፤ መራጩ ሁሉ አንዱን ድምፅ ለእሱ ይሰጣላ። በ1796 እሱ በቃኝ ሲል ነው ጉዱ የታየው። አዳምስ 71 አገኘ፣ ጄፈርሰን 68። እናም ፌደራሊስት ከሚባለው ወገን የሆነው አዳምስ ፕሬዚዳንት ሲሆን ዋና ተቀናቃኙ ጄፈርሰን ምክትል ሆነለት። አራት ዓመት ሙሉ በአንድ መንግሥት ውስጥ የጎሪጥ እየተያዩ ኖሩ።

ከዚያ 1800 መጣ። የጄፈርሰን ወገኖች (ሪፐብሊካን ነው የሚባሉት፣ ከዛሬዎቹ ጋር እንዳታምታቺያቸው) ጄፈርሰንን ለፕሬዚዳንት፣ አሮን በርን ለምክትል አሰቡ። ከመራጮቻቸው አንዱ ብቻ በርን ትቶ ሌላ ስም ቢጽፍ ኖሮ ነገሩ ባለቀ። ፌደራሊስቶቹ ይህን አልዘነጉትም። አንዱ መራጫቸው ሁለተኛ ድምፁን ለጆን ጄይ ሰጠና አዳምስ 65፣ ለምክትል ያሰቡት ፒንክኒ 64 ሆኑ። ከሪፐብሊካኖቹ ግን ማንም አላጎደለም። 73 ለ73።

እንዲህ ሲሆን ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ይሄዳል። እዚያ ደግሞ ትልቁም ትንሹም ስቴት ያለው አንድ ድምፅ ነው። 16 ስቴቶች ነበሩ፣ ለማሸነፍ 9 ያስፈልጋል። ምክር ቤቱ ደግሞ ገና የድሮው ነው፣ ፌደራሊስቶች የሚበዙበት። የተሸነፉት ሰዎች ናቸው እንግዲህ ካሸነፉት ሁለቱ መሃል የሚመርጡት።

ጣና_ዳር

ቀለም_ቀንድ ሕጉን ነግሮሻል፣ እኔ ደግሞ እነዚያን ቀናት ልንገርሽ። ይህን ታሪክ ባነበብኩት ቁጥር ልቤ ይሰቀላል።

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1801 በረዶ ይጥል ነበር። ካፒቶሉ፣ የምክር ቤቱ ሕንፃ፣ ገና አላለቀም፣ የቆመው አንድ ክንፉ ብቻ ነው። ዋሽንግተን ራሷ ጭቃና ጫካ ነበረች፣ እዚህም እዚያም ጥቂት የእንግዳ ማረፊያዎች ያሉባት። የሜሪላንዱ ተወካይ ጆሴፍ ኒኮልሰን ትኩሳት ይዞት ክፉኛ ታሟል። ሜሪላንድ ደግሞ እኩል ለእኩል ተከፍላለች። እሱ ከቀረ ስቴቷ ለበር ትሄዳለች። በዚያ በረዶ ተሸክመው አመጡት። ከአዳራሹ አጠገብ ባለ ክፍል አልጋ ተዘረጋለት። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ መድኃኒት ታጠጣዋለች፤ ተራው ሲደርስ የድምፅ ሳጥኑን ያመጡለታል፤ እሱ በደከመ እጁ የጄፈርሰንን ስም ጽፎ ይከታል። ከዚያ ተመልሶ ይተኛል። ደግሞ ይቀሰቅሱታል።

የመጀመሪያው ቆጠራ 8 ስቴት ለጄፈርሰን፣ 6 ለበር፣ 2 የተከፈሉ። ሁለተኛውም ያው። ሦስተኛውም ያው። ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ሰጡ፣ ንቅንቅ የለም። እንዲህ እያለ እስከ ፌብሩዋሪ 17 ዘለቀ። በጠቅላላው 36 ጊዜ! የአዳምስ የሥራ ዘመን ማርች 4 ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ አገሪቱን ማን ይመራታል? የፔንሲልቫኒያው ገዥ ቶማስ ማኬን ጄፈርሰን በተንኮል ከተነጠቀ ብሎ ሚሊሺያውን አዘጋጅቶ ነበር። ደም ሊፋሰሱ አንድ ሐሙስ ነበር የቀራቸው።

ሃሚልተንን ደግሞ ተመልከቺ። የፌደራሊስቶቹ ትልቁ ሰው ነው፣ ጄፈርሰንን አይወደውም። ግን በር ከሚገባ ጄፈርሰን ይሻላል ብሎ ለገዛ ወገኖቹ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ጻፈ። አንዱን የጻፈው ለጄምስ ቤያርድ ነው። ይህ ሰው የዴላዌር ብቸኛ ተወካይ በመሆኑ የስቴቷ ድምፅ በእሱ እጅ ነበር። በመጨረሻ መንገዱን የከፈተውም እሱ ነው።

ማለዳ

አንጀቴን በላኝ ያ በሽተኛ ሰውዬ። አሁን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ሃሚልተንና ጄፈርሰን ሁለቱም የዋሽንግተን ሚኒስትሮች አልነበሩም? ዋሽንግተን ራሱ ፓርቲ የሚባል ነገር አይጥመውም ነበር ይላል የልጄ መጽሐፍ። ታዲያ እነዚህ ሰዎች እንዴት ዓይንና ናጫ ሆኑ?

የድሮ_መምህር

ልጄ፣ ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባላል። ሥሩ ዕዳ ነው።

የነጻነት ጦርነቱ ሲያልቅ ፌደራል መንግሥቱም ስቴቶቹም በዕዳ ተዘፍቀው ነበር። የስቴቶቹ ብቻ ወደ 25 ሚሊዮን ዶላር ይገመት ነበር። ሃሚልተን የገንዘብ ሚኒስትር ሆኖ በ1790 መጀመሪያ ላይ አንድ ሐሳብ አቀረበ። የስቴቶቹን ዕዳ ጠቅልሎ ፌደራል መንግሥቱ ይውሰደው፣ የመንግሥት የዕዳ ወረቀት የያዘ ሁሉ ሙሉ ዋጋው ይከፈለው አለ። ሲሰሙት ጥሩ ነው። ግን ያን ወረቀት መጀመሪያ የያዘው ማን ነበር? ደመወዙን በወረቀት የተቀበለ ወታደር ነው። ሲቸግረው ለነጋዴ በርካሽ ሸጦታል። አሁን ትርፉ ለነጋዴው ሊሆን ነው። የቨርጂኒያው ተወካይ ጄምስ ማዲሰን ይህን ተቃወመ። ቨርጂኒያም አኮረፈች፤ ዕዳዋን አብዛኛውን ከፍላ ስለነበር የሌላውን ልትከፍል ነው።

ታዲያ በጁን 1790 ኒው ዮርክ ላይ ጄፈርሰን ሃሚልተንንና ማዲሰንን ቤቱ ራት ጠራቸው። ገበታው ላይ ተደራደሩ። የማዲሰን ወገን የዕዳውን ሕግ ያሳልፋል፣ በምትኩ ዋና ከተማዋ ወደ ደቡብ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ትሄዳለች። እስክትሠራ ድረስ 10 ዓመት ፊላደልፊያ ትቆያለች። ዲሲና አካባቢው ላይ የምትኖሩ ልጆቼ፣ ከተማችሁ እዚያ የተቀመጠችው በዚያ ራት ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም።

ግን ስምምነቱ ዕድሜ አልነበረውም። በ1790 መጨረሻ ሃሚልተን ብሔራዊ ባንክ ይቋቋም አለ፣ 10 ሚሊዮን ዶላር ካፒታል ያለው። ዋሽንግተን ሁለቱንም አስተያየታችሁን ጽፋችሁ አምጡ አላቸው። ጄፈርሰን «ሕገ መንግሥቱ ባንክ አቋቁሙ አላለም፣ ያልተሰጠ ሥልጣን የለም» አለ። ሃሚልተን «ዓላማው ከተፈቀደ ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድም ተፈቅዷል» አለ። ዋሽንግተን ከሃሚልተን ጋር ሆኖ ፈረመ። አሜሪካኖች እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት የሚሟገቱበት ነገር ይኸው ነው።

ከዚያ ወደ ጋዜጣ ዞሩ። ሃሚልተንን የሚደግፍ ጋዜጣ ነበረ። ጄፈርሰን ደግሞ ፊሊፕ ፍሬኖ የሚባለውን ገጣሚ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በዓመት 250 ዶላር አስተርጓሚ አድርጎ ቀጠረው። ፍሬኖም የራሱን ጋዜጣ ከፍቶ መንግሥቱን መውቀጥ ጀመረ። ከመንግሥት ደመወዝ እየበላ! እኔ ጄፈርሰንን በብዙ ነገር አከብረዋለሁ፣ ይህን ግን አልወድለትም።

ሹፌሩ

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁሌም እርስዎ ሲጽፉ ነው የሚገባኝ። እኔ የምጨምረው ዕዳው የተከፈለበትን መንገድ ነው፣ ምክንያቱም ድሃው ላይ ነው የወደቀው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ሲባል በ1791 ዊስኪ ላይ ግብር ጣሉ። ከአሌጌኒ ተራራ ማዶ የሚኖረው የፔንሲልቫኒያ ገበሬ እህሉን በፈረስ ጭኖ ተራራ አሻግሮ ቢሸጥ አያዋጣውም። ስለዚህ አረቄ አውጥቶ ይሸጠዋል። ጥሬ ገንዘብ ስለሌለ በአረቄው ይገበያይበታል፣ ሠራተኛም ይከፍልበታል። ግብሩን ግን በጥሬ ገንዘብ አምጣ ተባለ። አልከፈልክም ተብሎ ከተከሰሰ ደግሞ ፊላደልፊያ ድረስ ሄዶ ነው የሚሟገተው። እርሻውን ጥሎ፣ የሳምንታት መንገድ! በጁላይ 1794 ታጥቀው ተነሡ፣ የግብር ተቆጣጣሪውን የጆን ኔቪልን ቤት አቃጠሉ። ዋሽንግተን ወደ 13,000 ሚሊሺያ ጠርቶ ራሱ የመንገዱን ከፊል አብሮ ዘመተ። ጦሩ ሲደርስ የሚዋጋ ሰው አልነበረም። ሁለት ሰዎች በአገር ክህደት ተፈረደባቸውና ዋሽንግተን ምሕረት አደረገላቸው።

ምሕረቱ ጥሩ ነው። ግን ያን ሁሉ ጦር በገበሬ ላይ ማዝመት ተገቢ ነበር? ሕግ ማስከበር ነው ትሉኝ ይሆናል። እኔ አልዋጥልህ ብሎኛል።

ቀለም_ቀንድ

ሹፌሩ ወንድሜ፣ ስለ ግብሩ እስማማለሁ። ስለ ጦሩ ግን አንድ ነገር አስብ። መንግሥቱ ገና አምስት ዓመቱ ነው። በኮንግረስ የወጣን ሕግ ቤት በማቃጠል መሻር ከተቻለ ነገ ሌላው ስቴት ሌላውን ሕግ ይሽራል። ደግሞ ከጦሩ በፊት አደራዳሪዎች ልኳል፣ ዝም ብሎ አልዘመተም። ገበሬዎቹ በኋላ የተበቀሉት በምርጫ ነው። ጄፈርሰን ሲመጣ ያ ግብር በ1802 ተሻረ።

እውነቱ_ይነገር

ይቅርታ፣ አቋርጬ ልግባ። ይህን ሁሉ አነበብኩ። ራቱ፣ ባንኩ፣ አረቄው። ያን ራት ያበሰለውና ያቀረበው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም።

ኦና ጀጅ የምትባል ወጣት ነበረች፣ ዕድሜዋ 22 አካባቢ፣ የማርታ ዋሽንግተን ባሪያ። ዋሽንግተን ፊላደልፊያ ሆኖ አገር ሲመራ እዚያው ቤት ነበረች። የፔንሲልቫኒያ ሕግ ከሌላ ስቴት የመጣ ሰው ባሪያውን ስድስት ወር ካቆየ ባሪያው ነጻነቱን መጠየቅ ይችላል ይል ነበር። የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ምን አደረገ? ስድስት ወር ሳይሞላ ከስቴቱ እያስወጣ ይመልሳቸው ነበር። በ1791 ለጸሐፊው ለቶባያስ ሊር ሲጽፍለት ነገሩ እነሱም ሕዝቡም ሳያውቁ ይደረግ ብሎታል። ይህ የተጻፈ ነው፣ ከእኔ አይደለም።

በሜይ 1796 ወደ ቨርጂኒያ ሊመለሱ ሻንጣ ይሸከፋል። ኦና ለማርታ የልጅ ልጅ እንደ ዕቃ ልትሰጥ እንደሆነ ሰምታለች። እነሱ የነሱን ሲሸክፉ እሷ የራሷን ሸከፈች። ጌቶቿ ራት ላይ ተቀምጠው ሳሉ በበር ወጥታ ሄደች። በመርከብ ፖርትስማውዝ፣ ኒው ሃምፕሻየር ገባች። ጋዜጣ ላይ ላገኛት 10 ዶላር ተብሎ ወጣ። ዋሽንግተን በገንዘብ ሚኒስትሩ በኩል የፖርትስማውዝን የጉምሩክ ሹም እንዲመልሳት አስጠየቀው። የመንግሥት ሠራተኛ ለግል ጉዳይ! ሹሙ አነጋገራት። ሲሞቱ ነጻ እንደሚያወጧት ቃል ከተገባላት እመለሳለሁ አለች። ዋሽንግተን ከባሪያ ጋር እንዲህ ያለ ድርድር የለም አለ። አልተመለሰችም። በ1848 ስትሞት በሕግ ዓይን ገና ከባለቤቷ የጠፋች ንብረት ነበረች።

ስለ ምርጫው ደግሞ፦ የደቡብ ስቴቶች መራጮቻቸው የበዙት አምስት ባሪያ እንደ ሦስት ሰው ስለሚቆጠርላቸው ነው። ድምፅ የሌለው ሰው ተቆጥሮ ለጌታው ድምፅ ሆነ። ያ ቆጠራ ባይኖር በ1800 አዳምስ ያሸንፍ ነበር የሚሉ የታሪክ ሰዎች ብዙ ናቸው። ማለዳ፣ ልጅሽ ይህን ሳይጽፍ ወረቀቱን እንዳያስረክብ።

ማለዳ

እውነቱ_ይነገር፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያነበብኩት። እኔ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው፣ የዋሽንግተን መኖሪያ የነበረው ማውንት ቨርነን ቅርቤ ነው። ልጆቹን ይዤ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። ስሟን አንብቤ ቢሆን እንኳ አላስተዋልኩትም። ልጄ ይጽፈዋል፣ ቃሌ ነው።

ቀለም_ቀንድ

ልክ ነሽ እውነቱ_ይነገር፣ የቁጥሩን ነገር እኔ ነበርኩ መጀመሪያ ላይ መናገር የነበረብኝ። ዋሽንግተን በኑዛዜው የራሱን 123 ባሪያዎች ነጻ እንዲወጡ አዟል። ኦና ግን የማርታ የመጀመሪያ ባል ውርስ ስለነበረች ያ ኑዛዜ እሷን አይነካትም ነበር።

ጣና_ዳር

ወደ አዳምስ ልመልሳችሁ፣ ምክንያቱም የማለዳ ልጅ መልሱን እየጠበቀ ነው። ደግሞ ይህኛው ክፍል እኛን ስደተኞቹን በቀጥታ ይነካል።

በ1798 አሜሪካ ከፈረንሳይ ጋር ባሕር ላይ መታኮስ ጀምራ ነበር። ፌደራሊስቶቹ ስደተኛው ሁሉ የጄፈርሰን ደጋፊ ነው ብለው ሕግ አወጡ። ዜጋ ለመሆን የሚጠበቀው ጊዜ ከ5 ዓመት ወደ 14 ዓመት ወጣ። ፕሬዚዳንቱ አደገኛ ያለውን የውጭ ሰው ያለ ፍርድ ማባረር ይችላል። መንግሥትን በጋዜጣ በክፉ ያነሣ ይታሰራል። አዳምስ ፈረመባቸው። ማለዳ፣ እኔና አንቺ ግሪን ካርድ ይዘን የጠበቅነው 5 ዓመት አለ አይደል? በ1795 የወጣ ነው፣ ከዚያ 14 ሆኖ፣ በ1802 በጄፈርሰን ጊዜ ወደ 5 ተመለሰ። ግን ያኔ ብንመጣ አይመለከተንም ነበር። የ1790ው ሕግ ዜጋ መሆን የሚችለው «ነጻ ነጭ ሰው» ነው ይላል። የአፍሪካ ተወላጅ የተጨመረው በ1870 ነው።

ከታሰሩት አንዱ ማቲው ላየን ነው። አየርላንድ የተወለደ፣ አሜሪካ ሲመጣ የጉዞውን ዋጋ በጉልበቱ የከፈለ፣ በኋላ የቨርሞንት ተወካይ የሆነ ሰው። በ1798 መጀመሪያ ምክር ቤቱ ውስጥ ከኮነቲከቱ ሮጀር ግሪስዎልድ ጋር ተጣልቶ ፊቱ ላይ ተፋበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግሪስዎልድ በከዘራ ሲወርድበት ላየን የእሳት ጉጠት አንሥቶ ተከላከለ። በአዳራሹ መሃል! በዚያው ዓመት አዳምስን በጽሑፍ ስለነቀፈ አራት ወር እስራትና 1,000 ዶላር ቅጣት ተፈረደበት። እስር ቤት እያለ ተወዳደረ፣ አሸነፈ።

የድሮ_መምህር

ጣና_ዳር የተናገረው እውነት ነው፣ ያ ሕግ የአዳምስ ጠባሳ ነው። ግን ለሰውዬው አንድ ቃል ልናገርለት።

ከፈረንሳይ ጋር ሙሉ ጦርነት ግባ፣ ሕዝቡም ይወድሃል፣ ምርጫውንም ታሸንፋለህ እያሉ የገዛ ወገኖቹ ሲገፋፉት እንቢ አለ። መልእክተኛ ላከ። ሁለት ሚኒስትሮቹን አሰናበተ። ሃሚልተን በዚህ ተቆጥቶ ምርጫው ሲቃረብ እሱን የሚያጥላላ ረጅም ጽሑፍ አወጣ። ሰላሙ በሴፕቴምበር 1800 ተፈረመ። ወሬው አሜሪካ የደረሰው ግን ምርጫው ሊያልቅ ሲል ነው፣ ምንም አልጠቀመውም። ከዚያም በኖቬምበር መጨረሻ ልጁ ቻርልስ በመጠጥ ተጎድቶ ኒው ዮርክ ላይ ሞተ። አባት ነው። ያንን ሐዘን ተሸክሞ ነው ያልተለሰነ ቤት ውስጥ ያን ክረምት የከረመው። ዋይት ሐውስ ማለቴ ነው። ሚስቱ አቢጌል ልብስ የምታሰጣው በዚያ ባዶ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነበር። እሷም ቀድማው ወደ ቤታቸው ሄዳለች።

ለምን ሌሊት እንደወጣ እሱ የጻፈው ነገር የለም። ተሰናባች ፕሬዚዳንት በተተኪው መሐላ ላይ ይገኝ የሚል ሥርዓትም ያኔ አልነበረም። ለልጅሽ እንዲህ በይው፦ ተናዶም ሊሆን ይችላል፣ ሐዘንም አለበት፣ ግን ሥልጣኑን በሰዓቱ ጥሎ ወጣ። አንድ ወታደር አላዘዘም። ጄፈርሰን ከሚያርፍበት ማረፊያ በእግሩ ሄዶ ማለ።

ሹፌሩ

አንድ ነገር ቀረኝ። ያ 36ኛው ቆጠራ ላይ ምን ተለወጠ? ቤያርድ ድምፁን ለጄፈርሰን ሰጠ ማለት ነው?

ቀለም_ቀንድ

አልሰጠም። ባዶ ወረቀት ጣለ። ደቡብ ካሮላይናም ባዶ ጣለች። የሜሪላንድ ፌደራሊስቶችም እንደዚሁ፣ ስለዚህ ሜሪላንድ ወደ ጄፈርሰን ዞረች። ለበር ድምፅ ይሰጡ ከነበሩት ፌደራሊስቶች አንዱም የጄፈርሰንን ስም ሳይጽፍ ነው ያለፈው። 10 ለጄፈርሰን፣ 4 ለበር፣ 2 ባዶ። እንዲህ ያለ ጣጣ እንዳይደገም ነው በ1804 የሕገ መንግሥቱ 12ኛ ማሻሻያ የወጣው። ከዚያ ወዲህ መራጩ ለፕሬዚዳንትና ለምክትል ለየብቻ ይጽፋል።

ማለዳ

ሜሪላንድ ዞረች። ሌላኛዋ የተከፈለችው ስቴት ማን ነበረች?

ጣና_ዳር

ቨርሞንት። ሁለት ተወካይ ነበራት፣ አንዱ ፌደራሊስት ሉዊስ ሞሪስ ነው። ያን ቀን ሞሪስ ሆን ብሎ ከአዳራሹ ቀረ። ስለዚህ የቨርሞንትን ድምፅ ብቻውን የሰጠው ሁለተኛው ተወካይ ነው፣ ማቲው ላየን።

ማለዳ

ያ በአዳምስ ሕግ የታሰረው?! ልጄ ገና አልተኛም፣ ሄጄ ልንገረው።